የዳልቻ ሁለት ስልቻ

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላማ ሸለቆ ውስጥ ሣር በሉም ሥጋ በሉም ተራ ጠብቆ የሚጠጣበት፣ ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነበረ፤ ሆራ ይሉታል። ሆራው ዳር መነካካት ነውር ነው። እዚያ ጅብ አህያን ቀና ብሎ አያይም፤ አንበሳም ቢሆን ጠጥቶ አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ከሆራው ራቅ ካሉ በኋላ ግን ሁሉም ለየራሱ ነው።

አንድ በጋ ላይ ከወንዙ ማዶ ክፉ ሳል ተነሣ። መጀመሪያ ጎሾቹን ያዘ፣ ቀጥሎ አጋዘኖቹን፣ ከዚያ ማንንም መምረጥ ተወ። በሳል ይጀምርና ጉሮሮ ይዘጋል፤ ጉሮሮ ይዘጋና ደረት ያፍናል። ወጣቱና ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ተኝቶ ይነሣል። ያረጀውና ደረቱ የታመመው ግን እንደተኛ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳሉ ወንዙን ተሻገረ የሚል ወሬ ሲመጣ አንበሳ እንስሳቱን ሁሉ ሆራው ዳር ሰበሰበ።

«እኔ ንጉሥ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም» አለ አንበሳ። «እሜት ጃርት ለዚህ ሳል መከላከያ ቀምማለች። የእሾኋን ጫፍ መድኃኒቱ ውስጥ ነክራ ትከሻ ላይ ትወጋለች። እኔ ተወግቻለሁ። የፈለገ ይወጋ፣ ያልፈለገ ይቅር። የሚስል ግን ወደዚህ ውሃ ዝር እንዳይል!»

ጉባኤው ተበተነ። ከተሰበሰቡት ሁሉ እንደ ዳልቻ የተጨነቀ ግን አልነበረም።

ዳልቻ አህያ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እህል ወደ ወፍጮ ቤት፣ ዱቄት ወደ ቤት ስታመላልስ ኖራ፣ አንድ የገበያ ቀን ጌታዋ ጠላ ቤት ገብቶ ሲቆይባት መንገዷን ይዛ የጠፋች ናት። ነፃ ወጣች፤ ደረቷ ግን የዱቄቱን ብናኝ ይዞ ቀረ። ዳገት ስትወጣ እንደ ወናፍ ታፏጫለች። ሳሉ ከያዛት እንደማይለቃት ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። በዚህ ላይ መወጋትንም ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ደግሞ አትደብቅም።

ከሸክም ዘመኗ ይዛ የመጣችው አንድ ልማድ ነበራት። ስትጠፋ ጀርባዋ ላይ የነበሩትን ሁለት ስልቻዎች አልጣለቻቸውም። የሚያስጨንቃት ጉዳይ በመጣ ቁጥር ግራና ቀኝ አስጭናቸው ትመዝናለች። «ሌላው በጭንቅላቱ ያስባል፤ እኔ በጀርባዬ ነው የማስበው» ትላለች፤ በዚህም አታፍርም።

እንግዲህ ከሆራው ስትመለስ ቀበሮ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለና ከጎኗ መራመድ ጀመረ። ቀበሮ የአያ ጅቦ አማካሪ ነው። ጅቡ ይበላል፣ እሱ ትራፊውን ይለቃቅማል፤ በምትኩ ምክር ይሰጠዋል።

«እትዬ ዳልቻ፣ እንዴት ዋልሽ? ደረትሽ እንዴት ነው?»

«ያው ነው። አንተስ?»

«እኔማ ለራሴ መች አስቤ አውቃለሁ፤ ሐሳቤ ሁሉ ስለ እናንተ ነው» አለ ቀበሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ጃርት ዘንድ ልትሄጂ ነው አሉ?»

«ገና አልወሰንኩም። እያሰብኩበት ነው።»

«አስቢ፣ አስቢ! እኔ የሰማሁትን ልንገርሽና ከዚያ አስቢ። የተወጋ ሁሉ በሦስተኛው ቀን እሾህ ያበቅላል። ድምፁ ይዘጋል፤ ማናፋት ቀረ ማለት ነው። ከሁሉም የባሰው ደግሞ...» ወደ ላይ ቀና ብሎ አያትና ከንፈሩን መጠጠ። «ጆሮ ያጥራል። የአይጥ ጆሮ ያህላል ይላሉ።»

የዳልቻ ሁለት ጆሮዎች ባንዴ ቀጥ አሉ። ከሰውነቷ ሁሉ የምትኮራው በጆሮዎቿ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አገር ሁሉ ነዋ! ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ይህን ሲል ከቁጥቋጦው በስተጀርባ አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። «ቀበሮ! አሳመንካት? እኔ እኮ ርቦኛል!»

«አያ ጅቦ ነው» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «ስለ ጤናሽ ተጨንቆ እንቅልፍ አጥቷል።»

ዳልቻ እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። ከሆራው ርቃ ነበርና ወደ ኋላም አላየችም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታመነታ ቆይታ፣ አንድ ጠዋት ጎረቤቷን ጦጢትን ጠራቻት። ጦጢት እጀ ፈጣን ናት፣ አፏም እንደ እጇ ነው። የዳልቻን ስልቻዎች የምትጭንላት እሷ ነበረች።

«በቀኝ ስልቻ መወጋቴ የሚያመጣብኝን ክፉ ነገር ትጭኛለሽ» አለቻት ዳልቻ። «በግራው ሳልወጋ መቅረቴ የሚያመጣብኝን። ከዚያ ከከበደው እሸሻለሁ።»

«ምን ምን ልጫን?»

«እሾህ ማብቀሉን።»

ጦጢት አንድ ድንጋይ በቀኝ ጣለች።

«ድምፅ መዘጋቱን። ጆሮ ማጠሩን። ለጆሮው ትልቁን ድንጋይ አድርጊው!»

በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ የሰማውን እየተናገረ አለፈ። ቆቅ ጆሮ ያጥራል አለች፤ አንድ ድንጋይ። ከርከሮ አጥሯል ብለውኛል አለ፤ ሌላ ድንጋይ። ሽኮኮ ከዋሻዋ ብቅ ብላ ጆሮ ጭራሹን ይወድቃል አለች፤ ለእሷም ተጫነላት። ስለ ሳሉ ግን የሚያወራ ስላልነበረ በግራው ስልቻ የገባው አንዲት ጠጠር ብቻ ነው። ዳልቻ ልትራመድ ሞከረች። ቀኟ ጎትቷት አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ በሦስተኛው በቀኝ ጎኗ ሣሩ ላይ ዘጭ አለች።

ጦጢት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ተወስኗል እትዬ! አትወጊም!»

ዳልቻ ግን እንደ ወደቀች ታስብ ነበር። ወፍጮ ቤት ስትመላለስ፣ ስልቻ ከልክ በላይ ሲከብድ የወፍጮው ጌታ ሳይፈታ አያልፈውም ነበር። እህል ውስጥ አሸዋ ደባልቆ የሚያመጣ ሞልቶ ነበርና።

«ቀኙን ስልቻ ፍቺው» አለች። «እያንዳንዱ ድንጋይ ከማን እንደመጣ ንገሪኝ።»

«ይኼ ከቀበሮ» አለች ጦጢት እያወጣች። «ይኼ ከቆቅ።»

«ቆቅ ከማን ሰማች?»

«ከቀበሮ።»

«ይኼስ?»

«ከከርከሮ። እሱም...» ጦጢት ሳቋ ቆመ። «እሱም ከቀበሮ። ሽኮኮም ከከርከሮ ነው የሰማሁት ብላለች።»

«አንዱን ድንጋይ አራት ጊዜ ተሸክሜያለኋ!» አለች ዳልቻ። በራሷ ተናደደች። አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመች አህያ እንዴት በወሬ ትወድቃለች? «ሁሉንም አውጪው። ከአሁን በኋላ ስልቻዬ ውስጥ የሚገባው በዓይን የታየ ብቻ ነው። ተነሽ፣ ሄደን እንይ።»

መጀመሪያ የሄዱት ጥንቸል ዘንድ ነው። ጥንቸል ከተወጋች ስምንተኛ ቀኗ ነበር።

«ጆሮሽን ላየው» አለቻት ዳልቻ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«ጆሮዬ ምን ሆነ?»

«ምንም። ዝም ብለሽ አቁሚው።» ዳልቻ ከግራም ከቀኝም አየችው። እንደ ድሮው ረጅም ነው። ገላዋ ላይ እሾህ የሚባል ነገር የለም፤ ድምፅዋም አልተዘጋም፤ እንዲያውም አንዴ ወሬ ከጀመረች የሚያስቆማት አልነበረም።

«ትኩሳትማ ሁለት ቀን አንቀጠቀጠኝ» አለች ጥንቸል። «ትከሻዬ አበጠ፣ ሣር እንኳ አስጠላኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ተነሥቼ የሰው ጎመን ሰርቄ በላሁ።»

ጦጢት ለትኩሳቱ አንድ ድንጋይ፣ ለእብጠቱ አንድ ትንሽ ጠጠር በቀኝ ጫነች።

ቀጥለው ጥንብ አንሣው ወደሚያርፍበት ደረቅ ዛፍ ሄዱ። ወንዙን በየቀኑ እየተሻገረ ያየውን የሚናገር ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

«ማዶ ስንት አህያ ነበረ?» ብላ ጠየቀችው ዳልቻ።

«አሥራ አንድ።»

«ስንቱ ታመመ?»

«ሁሉም። እዚያ የሚወጋ ማን አለ?»

«ስንቱ ሞተ?»

«አራቱ። ሦስቱ ያረጁ ናቸው፤ አንዷ ገና ወጣት ነበረች፣ ደረቷ ግን እንዳንቺው ያፏጭ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ጥንብ አንሣው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ ዳልቻ፣ ቅር አይበልሽና በልቻቸዋለሁ።»

 ጦጢት ሳትታዘዝ አራት ድንጋዮች መርጣ በግራው ስልቻ ከተተች፤ የመጨረሻውን ስታስገባ እጇ ቀስ አለ። የዳልቻ ወገብ ወደ ግራ አዘነበለ።

እሜት ጃርት በቋጥኝ ሥር በቆፈረችው ቤቷ ደጃፍ ሥራ ላይ ነበረች። በግቢው ዙሪያ የግራር እሾህ አጥራበታለች። ዳልቻ ወረፋዋን ጠብቃ ከጦጢት ጋር ገባች።

«እሜት ጃርት፣ አንድም ሳትደብቂ ንገሪኝ። ምን ይሆንብኛል?»

«ምን እደብቃለሁ ልጄ! ትኩሳት ሁለት ቀን ይይዝሻል። ጉልበትሽ ይከዳሻል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከባድ የሚሆንበት አለ። መድኃኒቱ ውስጥ ማር አለበት። ሚዳቋ አንድ ጊዜ ማር ቀምሳ ፊቷ አብጦ ልትሞት ነበር፤ ስለዚህ ለአንቺ አይሆንም ብዬ መለስኳት። የእሷ ጥበቃ ሌሎቻችን ተወግተን ሳሉን አለማምጣታችን ነው። አንቺ ማር ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ስንቴ! የጌታዬን እንስራ ስልስ ተይዤ ተገርፌያለሁ። ከዱላው በቀር ያመመኝ ነገር አልነበረም።»

«እንግዲያው ከዚያ በኩል አትስጊ።»

«ከተወጋሁ በኋላ ሳሉ ፈጽሞ አይዘኝም?»

«አይዝሽም ብዬ አልምልልሽም» አለች ጃርት። «እስካሁን ስልሳ ሁለት ወግቻለሁ። ሰባቱን በኋላ ሳል ይዟቸዋል። ሰባቱም ተነሥተዋል።»

ዳልቻ ይህንን ወደደችው። ፈጽሞ አይዝሽም ብትላት ኖሮ ትጠራጠር ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ከሁሉም የከበደው።

«ሁለት ቀን መሮጥ አልችልም አይደል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይህ ድንጋይ ለዝሆን ጠጠር ነው፤ ለእኔ ቋጥኝ ነው። አያ ጅቦ ይህን ቀን ነው የሚጠብቀው። ሳሉን አመልጥ ብዬ ለጅብ ልሰጥ?»

ጃርት ራሷን ነቀነቀች። «ትክክል ፈርተሻል። ግን የሚቀል ድንጋይ ነው። እዚሁ ግቢ ውስጥ ተኚ። አጥሩ አለ። እነዚያን ሁለት ከርከሮዎችም አየሻቸው? ቀድመው ተወግተው ትኩሳታቸውን ጨርሰዋል፤ ከጎንሽ ይሆናሉ። ትኩሳትሽን ማስቀረት አልችልም፤ ብቻሽን እንዳትታመሚ ማድረግ ግን እችላለሁ።»

ጦጢት ለዚህ ፍርሃት የጫነችውን ትልቅ ድንጋይ ከቀኙ ስልቻ አውጥታ በምትኩ የእጅ መዳፍ የምታህል ድንጋይ ጣለች። ዳልቻ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመደች። ግራው ያለ ጥርጥር ከብዶ ነበር።

«ቀበሮ ግን ጆሮ ያጥራል ብሎኝ ነበር» አለች፣ ትንሽ እያፈረች።

«ቀበሮ?» ጃርት ሳቅዋን መያዝ አቃታት። «ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ጤዛው ሳይረግፍ መጥቶ ከአንበሳ ቀጥሎ የተወጋው እሱ አይደለም እንዴ? ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነበር፤ ሌላውን እያስፈራራ መሆኑን ስሰማ ግን መሐላዬን ተውኩት። ደግሞስ ጆሮውን አላየሽውም?»

ዳልቻ ቆሽቷ አረረ። ከዚያ ቁጣው ወጣላትና ትከሻዋን ወደ ጃርት አዞረች። «ፈርቻለሁ። ግን ወስኛለሁ። ውጊኝ።»

ትኩሳቱ ጃርት እንዳለችው መጣ። የመጀመሪያው ቀን አንቀጠቀጣት። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ እግሮቿ ገላዋን አልሸከም ብለው፣ በጎኗ ተጋድማ ሳለች ከአጥሩ ውጭ የሳል ድምፅ ሰማች። ረጅም፣ የሚጎትት ሳል ነው።

«አሁን ነው አያ ጅቦ!» የሚል ድምፅ ተከተለ። የቀበሮ ነው። «ተኝታለች፤ መቆም አትችልም። አንድ ጊዜ ብቻ ዝለል!»

አያ ጅቦ ተንደርድሮ መጣ። አጥሩ ላይ ሊዘል ሲል ግን ሳሉ መሀል መንገድ ላይ ያዘው። አነቀው፣ አጎበጠው፣ ዓይኑን አስፈጠጠው።  ሁለቱ ከርከሮዎች ጥርሳቸውን አውጥተው በአጥሩ ቀዳዳ ቆሙ። ጅቡ ግን የሚታገል አልነበረም፤ ባለበት ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ትንሽ ልረፍና እበላሻለሁ» አለ እያለከለከ።

«አያ ጅቦ፣ ሳሉ ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ?» አለችው ዳልቻ።

«ሦስት። ማዶ በሳል የሞተውን ሁሉ ስበላ ሰንብቼ ነው። ግብዣ ነበር እኮ!»

«ለምን አልተወጋህም ታዲያ?»

«ቀበሮ መክሮኝ ነዋ። አጥንት የሚፈጭ ሆድ ያለው መድኃኒት ምን ያደርግለታል አለኝ። ደግሞም ሁሉ ከተወጋ ማን ይሞታል? ካልሞቱስ ምን እበላለሁ?»

«እሱስ ተወግቷል?»

«ቀበሮ? ኧረ ምን ቆርጦት! የመድኃኒት ጠላት ነው።»

«እስቲ ጠይቀው።»

አያ ጅቦ ቀስ ብሎ ዞረ። «ቀበሮ፣ ተወግተሃል እንዴ?»

ቀበሮ ጭራውን አየ፣ ሰማዩን አየ። «እኔ እንዳንተ ጠንካራ አይደለሁም አያ ጅቦ። ሰውነቴ ደካማ ነው። ለራሴ የሚበጀኝን አመዛዝኜ ነው።»

«ለእኔስ?»

«ያንተንም አመዛዝኜልሃለሁ።»

ጅቡ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ጮኸ። «እሜት ጃርት! ውጊኝ! አሥር ጊዜ ውጊኝ! ሃያ ጊዜ!»

ጃርት ወደ አጥሩ ቀረበች። አልሳቀችበትም። «ይህ መድኃኒት ሳሉ ሳይመጣ ነው የሚሰጠው። ከያዘህ በኋላ ሃያ ጊዜ ብወጋህ ቁስል ነው የምጨምርልህ። ጥላ ፈልገህ ተኛ፤ ውሃ አቀርብልሃለሁ። ከዚህ በላይ የምችለው የለኝም።»

የዳልቻ ትኩሳት ያን ማታ በላብ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሣር አማራት። በአራተኛው ጠዋት እሜት ጃርትንና ከርከሮዎቹን አመስግና፣ ባዶ ስልቻዎቿን በጀርባዋ አድርጋ ወደ ሆራው ወረደች።

መንገዱ ዳር ግራር ሥር አያ ጅቦ ተጋድሞ ነበር። ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲተነፍስ ከሩቅ ይሰማል። ውሃው ከፊቱ ቀርቦለት አልነካውም። ከእሱ አምስት እርምጃ ርቆ ቀበሮ ቁጭ ብሏል። ጸጉሩ ያበራል፣ ዓይኑ ንጹሕ ነው። ዳልቻ ቆመች።

«ቀበሮ» አለ ጅቡ በተሰባበረ ድምፅ። «ከትናንት ጀምሮ እዚህ ተቀምጠሃል። ለምን ሄደህ የሚበላ ነገር አትፈልግም?»

«ዛሬ የትም መሄድ አያስፈልገኝም አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ በለሰለሰ አንደበት።

ዳልቻ አዘነችለት። ሊበላት የመጣ ጅብ ቢሆንም አዘነችለት። ድንጋይ አንሥታ ልትወረውር አትችልምና በኋላ እግሯ አፈሩን እየበተነች ቀበሮውን እስከ ቁጥቋጦው ድረስ አባረረችው፤ ግን ከሆራው ስትመለስ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጅቡም ያን ሳምንት አልጨረሰም። ሳሉ በክረምቱ መግቢያ ዳልቻንም አገኛት። ሦስት ቀን አስተኝቷት በአራተኛው ተነሥታ ከጦጢት ጋር ሣር ፍለጋ ወጣች።

ከዚህ የምንማረው ስለ ጤናችን ስንወስን ጥቅሙንና ጉዳቱን በወሬ ሳይሆን በታየ ነገርና በራሳችን አቅም ልክ መመዘን እንዳለብን፣ ከሚመክረንም ሰው አንደበቱን ብቻ ሳይሆን ለራሱ ያደረገውን መጠየቅ እንደሚገባን ነው።